ትንፋሽ የሚያቋርጥ እንቅልፍ

ጂንካ፣ ሚያዝያ 1979 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለመኪያ፣

አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ በሰው አገርም ከክፉ ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ በርትቷል፤ የማረፊያው ሜዳ ጭቃ እስኪደርቅ አውሮፕላኑ አያርፍም።

ጀርመኖቹ ራስሽ ላይ ሽቦ ለጥፈው እንቅልፍሽን መመርመራቸው በጣም ገረመኝ። በእንቅልፍ ልብሽ ትንፋሽሽ ይቋረጣል ብለው፣ መልሰው ደግሞ «ቀላል ነው» ማለታቸው ምን ማለት ነው? ጤና ጣቢያ ሄጄ በሽተኛ የሚያክመውን ድሬሰር ዶላሞን ጠየቅኩት። «አልፎ አልፎ ስለሆነ ነው። በጎኗ ትተኛ፣ ክብደትም አትጨምር። ይህ የሚበረታበት ሰው ሌሊት ያንኮራፋል፣ ቀን ያንቀላፋል» አለኝ።

ያኔ አባትሽ ትዝ አለኝ። ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘነ እንኳ ያንቀላፋል። ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል አጠገቡ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። ሲያንኮራፋ ቆየና ድንገት ጸጥ አለ። ደንግጬ ስነቀንቀው በረጅሙ ተንፍሶ ነቃ።

«ትንፋሽህ ቆሞ ነበር እኮ!» ስለው፣ «እኔ አላንኮራፋም!» ብሎ ተቆጣኝ።

በጎኑ ሳስተኛው ግን ትንፋሹ ተስተካከለ። አሁን በጀርባው እንዳይተኛ ከሸሚዙ ጀርባ ላይ የጨርቅ ኳስ ሰፍቼለት፣ እያጉረመረመ ይለብሰዋል። ማንቀላፋቱ ቀንሷል፤ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ሄዶ ለመታየትም እሺ ብሏል።

እሱን እኔ አዳምጠዋለሁ፤ አንቺን ማን ያዳምጥሻል? እባክሽ፣ አብራሽ የምትኖረው ልጅ ስትተኚ ታዳምጥሽና አተነፋፈስሽን ጻፊልኝ። አላህ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ።

እናትሽ ፋጢማ