በአባቴ ትከሻ ላይ ያለው ልጅ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ይሄኛውም አለቀስኩ ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ሳጥፋቸው በዋልኩት ገጾች ውስጥ ያላለቀሰ ሰው የለም። ቡድናችን ዋንጫ የበላ ዕለት የከተማው ወንድ ልጅ ሁሉ አልቅሷል፣ ሁሉም ስታዲየም ውስጥ ነበር፣ ሁሉም ጎሏን በዓይኑ አይቷል። ስታዲየሙ ያን ሁሉ ሰው ከያዘ፣ ውጭ ቀርቶ ሐዋሳን የጠበቀ አንድ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

የደጋፊዎች ኮሚቴ ድሉን ለመዘከር ብሎ ከአባላቱ የልጅነት ትዝታ ሰበሰበ። የኛ ማተሚያ ቤት ያትመዋል፣ እሑድ ስታዲየም ውስጥ ይመረቃል። እኔ ጠራዥ ነኝ። ሉኩን አጥፋለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ሽፋን እለጥፋለሁ። ጠራዥ የምታነብ አይመስላቸውም። ፊደል የለየሁት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ዛሬም ከመቁረጫው ሥር የሚወድቀውን ቅዳጅ ሰብስቤ ይህን እጽፍበታለሁ።

ዛሬ ያነበብኳቸው፦

አንዱ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። የአሰልጣኙን ስልት ግን ይተነትናል።

አንዱ ዝናብ ይጥል ነበር ይላል። ሌላው ፀሐይ አናት ትበሳ ነበር ይላል። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር ይላሉ።

አንዱ ከሠርጌ ቀን የሚበልጥብኝ ቀን ነው ብሏል። ሚስቱ ታንብበው።

ያመንኩት አንዱን ብቻ ነው። ዛፍ ላይ ወጥቼ ነበር፣ ያየሁት የአንድ ፖሊስ ጀርባ ነው፣ ጩኸቱን ስሰማ ወደቅኩ ይላል። አራት መስመር። ኮሚቴው መጨረሻው ገጽ ግርጌ ወሽቆታል።

ደግሞ ሁሉም አባታቸው ትኬት ቆርጦላቸው ነው የገቡት። ወሬ ነው። ልጅ ትኬት አይቆርጥም ነበር። ትልቅ ሰው እጁን የያዘው ልጅ በነጻ ይገባል፣ ደንቡ ያ ነበር። አባቱ ያልመጣለት ልጅ በር ላይ ቆሞ የማያውቀውን ሰው እጅ ይይዛል፣ «አባባ አስገባኝ» ይላል። ዘበኛው የማነህ ሲለው «የሳቸው» ይላል። ግማሹ ልጅ የገባው በተውሶ አባት ነው። ይህን የጻፈ አንድም የለም። ሁሉም አሁን አባት አላቸው።

እኔ በራሴ አባት ገብቻለሁ። ጎሏንም በትከሻው ላይ ሆኜ አይቻለሁ። የጠየቀኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የሽፋኑ ፎቶ መጣ። አባቴ ነው።

አሁን እንዲህ በአጭሩ ጻፍኩት እንጂ ጠዋት ሥራዬን ትቼ የወረቀት ቁልል ላይ ተቀምጬ ነበር። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ሕዝብ ይጨፍራል፣ መሃል ላይ ረጅም ቀጭን ሰው አለ፣ ትከሻው ላይ ራሱን የተላጨ ልጅ እጁን ዘርግቷል። ሰውየው አባቴ ሐሜሶ ነው፣ የአሞራ ገደሉ ዓሣ አጥማጅ። መንጠቆ ቅንድቡን የቀደደበት ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም፣ ወባ ወሰደው። ፎቶ የለንም። ፊቱን ረስቼው እንደነበር ያወቅሁት ዛሬ ሳየው ነው።

ልጁ እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ጭርት ይዞኝ እናቴ ላጭታኝ ነበር። ለልጆቼ መቶ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን «የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ብርሃኑ በልጅነታቸው፣ በአባታቸው ትከሻ ላይ» ይላል።

አቶ ብርሃኑ ፒያሳ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው ነው። ትዝታው ከሁሉ ይረዝማል፣ አሥራ አንድ ገጽ። አባቱ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ክራቫታቸውን አስረው፣ ትኬት ቆርጠው አስገቡት፣ ጎሏ ስትገባ አንስተው ትከሻቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «የአባቴን ፀጉር ጨብጬ ያዝኩ። ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ያ ሽታ ዛሬም ድሉን ያስታውሰኛል።»

ክራቫት ያሰረ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ጸሐፊ። ማኅተሙን የሚመታው አምባዛ ጀርባ ላይ ነበር መሰለኝ።

ፎቶውን ሲያዩት ዓሣ አጥማጅ መሆኑ ያስታውቃል። ከዚያ ሽታውን ጨመረበት፣ ክራቫቱን ማውለቅ ረሳ። ሰው ሲዋሽ እንኳ ትንሽ ይጨነቃል።

ገጹን አጥፌ ቁልሉ ላይ ጨመርኩት። እንደ ልማዴ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ራሱ መጣ። በዚህ ሙቀት የቡድኑን የአንገት ሹራብ ጠምጥሟል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙሉጌታ ወንበር ይዞ ሮጠ። አቶ ብርሃኑ ትዝታውን ሚስቱ አንብባ እንዳለቀሰች ተናገረ። እሷም።

አንድ ነገር ጠየቅሁት። በዚህ ሥራ ስቆይ ደንበኛ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው።

«አባትዎ ዓሣ ያጠምዱ ነበር?»

«ኧረ እህቴ! አባቴ እንኳን ሊያጠምድ ሊበላም አይወድ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ስታዲየሙ ለሐይቁ ቅርብ ነው፣ ነፋሱ ያመጣው ይሆናል አለ። የአንድ ሰው ፀጉር ላይ መርጦ የሚቀመጥ ነፋስ እስካሁን አላየሁም። ፊቱን አየሁት። ቀድሞኝ ዓይኑን ሰበረ።

ሲሄድ ጋሽ ሙሉጌታ «አስቴር፣ ያንቺ ሥራ ማጠፍ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሽፋኑ ነገ ይታተማል፣ እሑድ አባቴ በሺህ ቅጂ የሌላ ሰው አባት ሆኖ ይታደላል። ከዚያ በኋላ እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? መጽሐፍ ላይ ተጽፏል ይሉኛል።

ኮምፒዩተሩ ላይ የምትሠራዋን ሰላምን ፎቶውን አጉልታ እንድታሳየኝ ለመንኳት። ያኔ ጆሮዬ ላይ ቀይ ክር ነበር፣ እናቴ ጆሮዬን ስትበሳኝ ያሰረችልኝ። የወንድ ልጅ ጆሮ ክር የለውም። ያ ከታየ ነገሩ አለቀ። ሰላም ልትከፍተው ስትል መብራት ጠፋ። ቀኑን ሙሉ አልመጣም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። መብራት መጥቷል። ሰላም ከፈተችው።

የልጁ ጆሮ ላይ ክር የለም።

«ይጉላ» አልኳት። አጎላችው። የለም። ደረቱ ላይ ኪስ ያለው የትምህርት ቤት ሸሚዝ ለብሷል። እኔ ያኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር።

ከዚያ ሰላም «እትዬ አስቴር፣ ሽፋኑ ላይ እንዲመጥን ከሥሩ ቆርጬዋለሁ፣ ፎቶ አንሺው የላከው ሙሉው ይኸውልሽ» ብላ ወደ ታች አወረደችው። ከአባቴ ክንድ ሥር ሌላ የተላጨ ራስ አለ። የሱሪውን ኪስ ይዞ አፉን ከፍቶ የሚያለቅስ ልጅ። ጆሮው ላይ ክር አለ።

እኔ ነኝ። ከታች።

ብዙ ሰዓት ሥራ አልሠራሁም። አንድ በአንድ መጣልኝ። አባቴ በር ላይ አምስት ልጆች አስከትሎ ነበር የገባው። ዘበኛው «እነዚህ ሁሉ ካንድ ሆድ ናቸው?» ሲለው «ሁሉም የኔ ናቸው» አለ። ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ እኔን ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ጎሏ ስትገባ ግን አወረደኝ፣ አንዱን በር ላይ ያገኘውን ልጅ አነሳው። ጮህኩ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ዝም በይ፣ አንቺ ነገም አባት አለሽ» አለኝ።

እንዲህ ነበር ያለኝ። እንዴት ረሳሁት?

ለሰው ሁሉ ጎሏን በትከሻው ላይ ሆኜ አየሁ ስል ኖሬያለሁ። ያየሁት ሱሪውን ነው። ሰኞ ዕለት በስንቱ ስቄያለሁ። ያ ዛፍ ላይ የነበረው ሰው ከኔ ይሻላል፣ የፖሊስ ጀርባ አየሁ ብሎ በግልጽ ጽፏል።

እና ያ ባለ ሹራብ፣ ያ አሥራ አንድ ገጽ፣ በእርግጥ እዚያ ላይ ነበር። የዓሣው ሽታ እውነት ነው። ከጻፈው ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፣ እኔም መርጬ የሳቅሁት በሱ ነው።

ሽፋኑ ከሰዓት ታተመ። ሰላም ሙሉውን ፎቶ በተራ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ምሳ ሰዓት ላይ መደብሩ ሄድኩ። የቧንቧና የሚስማር ካርቶን መሃል ተቀምጧል። ፎቶውን ዘረጋሁለት። መጀመሪያ ራሱን አየ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው። ቀጥሎ ወደ ታች አየ።

«ይቺ የምታለቅሰው ማን ናት?»

«ልጁ» አልኩት። «የሰውየው።»

ሠራተኛውን ወደ ውጭ ላከውና በሩን ገርበብ አደረገ። የአባቱ ክራቫት ወለቀ። አባቱ ያን ዕለት ቤት ነበሩ፣ ኳስ የዱርዬ ነው የሚሉ ሰው ነበሩ። ተደብቆ ሄዶ በር ላይ ቆመ፣ የአንድ ሰው እጅ ያዘ። ስማቸውን አልጠየቀም። ፎቶውን ያነሳው ሰው ከዓመታት በኋላ አንድ ቅጂ ሰጠው፣ ከሥሩ ተቆርጦ። አባቱ ከሞቱ በኋላ ሲያገባ ሚስቱ ይሄ ማነው አለችው፣ አባቴ ነው አላት። ልጆቹም አያታችን እያሉ አደጉ። ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል አለኝ።

አባቴ የዚህ ሰውዬ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። እኔ ፊቱን ስረሳ የሱ ልጆች እያዩት እራት በልተዋል።

«ስማቸው ማን ነበር?» አለኝ።

ነገርኩት። ሁለቴ ደገመው፣ ሐሜሶ፣ ሐሜሶ። ዓይኑ እርጥብ ነው። ያኔ ትንሽ አዘንኩለት። ማዘኔ ግን አልቆየም። ሽፋኑ እኮ ታትሟል፣ አሁን ይህ ከወጣ ልጆቼ ምን ይሉኛል፣ መጨረሻው ገጽ ላይ የምስጋና መስመር እናስገባላቸዋለን አለ። የዛፉ ሰው አጠገብ ማለቱ ነው።

ፎቶዬን አጥፌ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሌሊቱን አስቤ ጨርሼ ነበር። መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ስህተት ሲገኝበት ትንሽ የእርማት ወረቀት ይገባበታል። የስንት ሰው ስህተት እርማት በእጄ አስገብቻለሁ። ሰላም ጻፈችልኝ፣ ቅዳጅ ላይ አተመችልኝ፦ «እርማት። በሽፋኑ ላይ የሚታየው ሰው የአቶ ብርሃኑ አባት አይደለም። ሐሜሶ ይባላል፣ የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ነበር። የተሸከመውም ልጅ የራሱ ልጅ አይደለም።» ሰላምን ከጠየቁሽ እኔ አዘዝኩሽ በይ አልኳት።

ሩቡን እንዳስገባሁ አቶ ብርሃኑ መጽሐፉን ሊያይ መጣ። ከላይ ያለውን አንስቶ ገለጠው፣ ወረቀቷ መሬት ወደቀች። ጎንበስ ብሎ አነሳት። ጋሽ ሙሉጌታም ከኋላው ተንጠራርቶ አነበበ፣ ፊቱ እንደ ወረቀቱ ነጣ። ከሥራ እንደወጣሁ ቆጠርኩት። እጄ ግን ማጠፉን አልተወም።

አቶ ብርሃኑ ወረቀቷን እንደገና አነበባት።

«ይሄ እርማት ራሱ እርማት ይፈልጋል» አለ በመጨረሻ። «የምታለቅሰው ልጅ የታለች?»

«እሷ ምን ትሠራላችኋለች?» አልኩት።

«አንቺ እኔን አርመሽ ራስሽን ደብቀሻል።»

ከዚህ ሰውዬ ይህን መስማት! እውነት ነው፣ ከታች ሆኜ ማልቀሴን ሐዋሳ እንዲያውቅ አልፈለግሁም። ሁለታችንም አንድ ፎቶ ላይ በየፊናችን የማይመቸንን ቆርጠናል። የሱ መቀስ ብቻ ሰፋ።

ሰላም አጠገብ ቁጭ ብሎ ራሱ አስጻፋት። ሰውየው ሐሜሶ ነው። ልጁ ብርሃኑ ነው፣ በር ላይ እጁን ይዞ የገባ። ከታች የምታለቅሰው የሐሜሶ ልጅ አስቴር ናት። ሙሉው ፎቶም በትንሹ ከላዩ ይሁን አለ። ጋሽ ሙሉጌታ ደንበኛው ካለ ምን ቸገረኝ ብሎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ሲሄድ ትከሻው ወርዷል። ማታ ሚስቱና ልጆቹ ፊት እንዴት እንደሚለው አላውቅም። ምናልባት አይለውም። ምናልባት ነገ ጠዋት የኮሚቴው ሰዎች መጽሐፉን እያራገፉ ወረቀቶቹን ያወጡ ይሆናል። ልቅ ወረቀት ይራገፋል።

ስለዚህ ሁሉንም በማስቲሽ ለጠፍኳቸው። ሺውንም። ጣቴ ተላጠ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

አልሄድም ብዬ ነበር፣ ከምኖርበት ከታቦር ሰፈር እስከ ስታዲየሙ በእግሬ ሄድኩ። በር ላይ የጥሪ ወረቀት አምጪ አሉኝ። የለኝም። መጽሐፉን የጠረዝኩት እኔ ነኝ ብል ማን ያምነኛል። ልመለስ ስል አቶ ብርሃኑ ከውስጥ አየኝ። ዛሬ ሹራብ የለውም። ሚስቱ ከኋላው አለች፣ ከሱ ራቅ ብላ፣ ፊቷ ኮስተር ብሏል። ነግሯታል ማለት ነው።

መጥቶ ዘበኛውን «የኔ ናት» አለው።

የአባቴ ቃል ነው። ሳሎኑ ከሰቀለው ፎቶ ሌላ ይህንም ወስዶ ኖሯል። ገባሁ።

መድረክ ላይ ወጥቶ እርማቱን አነበበ። ድምፁ ተቆራረጠ፣ በመጨረሻም እንደተለመደው አለቀሰ። ሰዉም አለቀሰ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰው ሐሜሶን በደንብ አውቀው ነበር፣ እኔንም አስገብቶኛል ሲል ሰማሁ። እንዲህ ከቀጠለ አባቴ በሚመጣው መጽሐፍ ሐዋሳን በሙሉ ሳያስገባ አይቀርም።

ሰላም አጠገቤ ሆና እያየችኝ መሐረብ አቀበለችኝ። መለስኩላት። እኔ ያኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ ፎቶ አለኝ።