የሻሼ ጭንቅላት ይቅረብ ስለመባሉ

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ትንሳኤ
የጥድ በር የእንስሳት ጤና ኬላ ኃላፊ
ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ወዲህ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ መላው ቤተሰብዎንም፣ የኬላዎን ባልደረቦችም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። እኔ በበኩሌ ከግራ ክንዴ በቀር ደህና ነኝ፤ ክንዴም ቢሆን ጀሶ ውስጥ ተኝቶ እያረፈ ስለሆነ እሱም ደህና ነው ማለት ይቻላል። በአንድ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ መስመሩ ቢዛነፍ ክብር እንደነፈግሁዎ አይቁጠሩብኝ።

ረስተውኝ ከሆነ ወንዳፍራሽ ነኝ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በወይዘሮ ተረፈች ግቢ የተከራየሁት፣ በየማለዳው ታክሲ ተሰልፌ አዲስ አበባ ውዬ የምመለሰው ሰውዬ። ሻሼን ግን አይረሷትም። ቡናማዋ፣ አንድ ጆሮዋ የሚታጠፈው ውሻዬ ናት፤ ሆዷን ከፍተው አይተዋታል፤ ከዚህ በላይ ትውውቅ የለም።

ወደ እርስዎ ያመጣኋትም በእርስዎው ምክር ነበር። ባለፈው ወንድ በፈለገች ጊዜ ገፈርሳ ባህር ዛፍ ሥር የሚያድሩት ወንድ ውሾች በሙሉ በራችን ላይ ተሰብስበው ሲቦጫጨቁ ሰነበቱ፤ አንዱ ጆሮውን፣ ሌላው ዓይኑን እዚያው ጥሎ ሄደ፤ የቆርቆሮው አጥር በደም ተዥጎረጎረ፤ ወይዘሮ ተረፈችም "ወይ ውሻዋን ወይ ቤቱን" አሉኝ። እርስዎ ግን እግዚአብሔር ይስጥዎና "እንዳትወልድ እናምክናት፣ ሰላም ይወርዳል" ብለው መከሩኝ። ሰላሙ እንዴት እንደወረደ ከዚህ በታች በቁጥር አስፍሬአለሁ፤ መሥሪያ ቤት በቁጥር ያልቀረበ ቅሬታ አያነብም ሲባል ስለሰማሁ ነው።

1ኛ፦ ስለ ቅድመ ዝግጅት። ቀዶ ሕክምና የሚደረግላት ውሻ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ምግብ መቅመስ እንደሌለባት የነገሩኝ፣ ሻሼ ጠዋት የበላችውን ፍትፍት በሙሉ በረዳትዎ በአቶ ኢፋ ቦት ጫማ ላይ ካስመለሰችው በኋላ ነበር። ማደንዘዣው ከጣላት በኋላ ቢሆን ኖሮ ታንቃ ልትሞት ትችል እንደነበርም ያኔውኑ በፈገግታ አስረዱኝ። ማስጠንቀቂያውን ከአደጋው በኋላ በመስማቴ በጣም በደንብ ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ።

2ኛ፦ ስለ ቀዶ ሕክምናው። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ይህን ስጽፍ እያላገጥኩ አይደለም። እጅዎ የተባረከ ነው፤ ስፌቱ እንኳን ለውሻ ሆድ ለሙሽራ ቀሚስ ይሆናል። አቶ ኢፋም አራት እግሯን በገመድ ጠፍረው፣ የታጠፈ ጆሮዋን እያሻሹ "አይዞሽ የኔ እናት" ሲሏት ቆሜ ሰምቻለሁ። ይህን ቃላቸውን እባክዎ ይያዙልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ያስፈልገናል።

3ኛ፦ ስለ ርክክቡ። "ደህና ናት፣ ውሰዳት" ብለው በጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝ። ደህና የሆነች ውሻ ምን እንደምትመስል ግን አልነገሩኝም። ምላሷ እንደ ካልሲ ተንጠልጥሏል፤ ልጋጓ ደረቴን አርሶታል፤ ዓይኗን ነጭ ሽፋን ግማሽ ድረስ ጋርዶታል፤ ስጠራት አታውቀኝም፤ ማንም ሳይነካት ታላዝናለች፤ ባቆማት የፊት እግሯ ወደ ገፈርሳ፣ የኋላ እግሯ ወደ ሰበታ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የማደንዘዣው ሥራ እንደሆነ፣ ሙቀትና ጸጥታ ያለበት ቦታ ብትተኛ እስከ ማግሥቱ እንደሚለቃት የነገረኝ ዓለም ገና ላይ ውሻ የሚያረባ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እሱም ቢሆን የነገረኝ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

"ቁስሉን እንዳትልሰው አንገቷ ላይ የሆነ ነገር አጥልቅላት" ያሉኝን ግን አልረሳሁም። የሆነው ነገር ምን እንደሆነ ስጠይቅዎ "ያገኘኸውን" አሉኝ። ያገኘሁት የአምስት ሊትር ቢጫ የዘይት ጄሪካን ነበር፤ ቂጡንና አንገቱን ቆርጬ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠምጥሜ አጠለቅኩላት። እንግዲህ በዓይነ ሕሊናዎ ይዩት፤ ሆዷ የተላጨ፣ ልጋጓ የሚዝረበረብ፣ እንደ ሰካራም የምትንገዳገድ፣ ራሷን ቢጫ ጄሪካን ውስጥ የከተተች ውሻ ይዤ ከባጃጅ ወረድኩ።

4ኛ፦ ስለ ሕዝብ ትምህርት። ኬላዎ ለዚህ ሰፈር የዋለውን ውለታ ማንም አይክድም። ከፋሲካ ወዲህ ድምፅ ማጉያ የጫነው ባጃጃችሁ በአማርኛም በኦሮምኛም "ልጋጉ የሚዝረበረብ፣ የሚንገዳገድ፣ ጌታውን የማይለይ፣ ሁኔታው የተለወጠ ውሻ ካያችሁ እብድ ነውና አትቅረቡት፣ ባስቸኳይ ደውሉ" እያለ ሕፃናት ለጨዋታ እስኪሸመድዱት ድረስ አስተምሮናል። ወይዘሮ ተረፈች በሩ ላይ ቆመው ሻሼን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት፤ ምልክቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ፤ አንድም አልጎደለም። "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ወንዳፍራሽ እብድ ውሻ በጄሪካን ይዞብን መጣ" አሉና ደወሉ።

መብራት ሲጠፋ ብንደውል ብንደውል ማንም በማያነሳበት ሰፈር የእናንተ ስልክ በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ። ጠዋት "የኔ እናት" ያሏት ያው አቶ ኢፋ፣ ከሰዓት በኋላ የወይራ ዱላ ይዘው ደረሱ፤ በጄሪካኑ ምክንያት አላወቋትም። ከኋላቸው ፍልጥ የያዘ፣ አካፋ የያዘ፣ የአጥር ብረት ነቅሎ የመጣ ሰው ተከተለ። "አትቅረቡት" የሚለው የትምህርቱ ክፍል በቅጡ አልተሸመደደም ነበር።

የመጀመሪያው ድንጋይ የባጃጁን መስታወት አረገፈው፤ ባለባጃጁ ወደ ኋላ ሳያይ ተፈተለከ። ሁለተኛው ግንባሬን ፈነከተኝ። "ዛሬ ተሰፍታ ነው፤ ኢፋ፣ አንተው አይደለህ ያሰርካት" ብዬ ስጮህ ከሕዝቡ መካከል አንዱ "ሰውየውንም ነክሳዋለች መሰለኝ፣ ይዘላብዳል" አለ። የአቶ ኢፋ ዱላ ሲወርድ ጄሪካኑን ሰነጠቀው፤ ሊደግሙ ሲያነሡ ክንዴን አገባሁበት። አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ከደረቅ ማገዶ ድምፅ ምንም አይለይም፤ ለሙያዎ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው። ከዚያ በላይዋ ላይ ተኛሁባት። ጫማ ጎኔን ይረግጣል፤ አካፋ ከጆሮዬ አጠገብ አፈር ይዝቃል፤ ደም ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ከደረቴ ሥር ደግሞ ሻሼ ታንኮራፋለች። አዎ፣ ክቡር ሆይ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ማደንዘዣዎ ጥሩ ነው።

በዚህ መካከል አቶ ኢፋ ጮኹ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተነክሶ ደሙ ይንጠባጠባል። ዱላቸውን ጣሉ፤ ሕዝቡም "ነከሰችው" እያለ አፈገፈገ፤ እኔም ሻሼን ጎትቼ ቤት ገባሁና በሩን በሳጥን ደገፍኩት።

5ኛ፦ ስለ ኦቦ ኢቲቻ ውሻ። የተነሣ ዱላ እንዲሁ መመለስ ስለማይወድ፣ ሕዝቡ ጩኸቱን ሰምቶ ከጎረቤት በር ብቅ ያለውን ጎፈርን ከበበው። ጎፈር ልጋግ አልነበረውም፤ አልተንገዳገደም፤ ዕድሜውን ሙሉ የኦቦ ኢቲቻን በጎች ከጅብ ሲያስጥል የኖረ ሽማግሌ ነበር። ሰው ሲሰበሰብ ሠርግ መስሎት ጅራቱን ቆላ። ጅራቱን እየቆላ በብረት ወገቡን ሰበሩት፤ በፊት እግሩ እየተሳበ ወደ በሩ ሲመለስ ደግሞ በአካፋ ጨረሱት። ሻሼን ላመክናት ነው ባልኳቸው ቀን "ወይፈን ሲኮላሽ አውቃለሁ፤ ሴት ውሻ ደግሞ ምኗ ይኮላሻል" ብለው እንባቸው እስኪወርድ የሳቁት ኦቦ ኢቲቻ፣ ያን ዕለት ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱትና "አኒ ሆማ ሂን ጄዱ" ብቻ አሉ። እኔ ምንም አልልም ማለታቸው ነው። እናንተም ከጋቢው ሥር ጭንቅላቱን ቆርጣችሁ ለምርመራ ወሰዳችሁ። ውጤቱ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ መብራት በሚጠፋበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከበግ ክትባት ጋር ጎን ለጎን እየጠበቀ ነው ሲባል ሰምተናል።

6ኛ፦ ስለ ጭንቅላት። በማግሥቱ ክንዴን በጀሶ አሳስሬ ወደ ቢሮዎ ስመጣ ወንበር ስበው ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ። "ሠራተኛዬን ነክሳለች፤ ደንቡ ግልጽ ነው፤ የነካሽ ጭንቅላት ለምርመራ ይቀርባል" አሉኝ። ሰኞ ሳምንት እንዳመጣው፣ ባላመጣው አቶ ኢፋ መጥተው እንደሚወስዱት ነገሩኝ። ጤነኛ ብትሆንስ ብዬ ስጠይቅዎ "ጤነኛ ከሆነችማ ውጤቱ ነፃ ያወጣታል፣ ምን ያስፈራሃል" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነፃነት በየሄድኩበት አስበዋለሁ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ አንገቴን እየዳሰስኩ አስበዋለሁ።

7ኛ፦ ስለ ማገገም። እርስዎ የሰፉትን ሆድ እያዳንኩ፣ እርስዎ የሚቆርጡትን አንገት እየጠበቅሁ ነው። እንዳትዘል በአጭሩ አስሬያታለሁ፤ ገላዋን አላጥባትም፤ ቁስሉን ጠዋትና ማታ አያለሁ፤ እብጠት የለውም፤ መግል የለውም፤ ጠርዙ ገጥሟል። በአዲስ ጄሪካን ውስጥ ሆና ትበላለች፤ ትጠጣለች፤ ስሟን ታውቃለች፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ግን ሽንቷን ትለቃለች። ወንዶቹ ውሾች የድሮ ጠረኗ ገና ስላልለቀቃት አሁንም በሩ ላይ እየመጡ ይቦጫጨቃሉ፤ ይህም እንደሚያጋጥም ማንም አልነገረኝም። ወይዘሮ ተረፈች በበኩላቸው፣ ያዋሱኝን የምጣድ ክዳን መልስ እንደሚሉት ሁሉ፣ "ጭንቅላቷን ቶሎ ስጣቸውና እንረፍ" ይሉኛል።

የነከሰ ውሻ ታስሮ አሥር ቀን ቢጠበቅና በጤና ቢቆይ እብድ እንዳልነበረ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። አሥሩ ቀን የሚሞላው ሰኞ ነው። እርስዎ ራስዎ ክሩ ይወጣል ያሉበትም ቀን ያው ሰኞ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ኬላ፣ በቀኝ ክፍል ክር ሊወጣላት፣ በግራ ክፍል አንገቷ ሊቆረጥ ተቀጥራለች ማለት ነው፤ የትኛው ክፍል እንደሚቀድም ለመጠየቅ ነው ይህን ሁሉ መጻፌ። ሱሉልታ ያለችው እህቴ "አምጥተህ እኛ ጋ ደብቃት" ብላኛለች። ምን አጠፋች ብዬ እደብቃታለሁ?

ስለዚህ ደንቡን ላከብር ወስኛለሁ። ሰኞ ኬላው እንደተከፈተ የሻሼን ጭንቅላት ይዤ እቀርባለሁ። አንገቷ፣ ደረቷ፣ የሰፉት ሆዷ፣ አራት እግሯና ጅራቷ አብረው ይመጣሉ፤ ሳይነጣጠሉ ተመርምረው ሳይነጣጠሉ እንደሚመለሱም በፍጹም ትሕትና እተማመናለሁ። ኦቦ ኢቲቻም አብረውኝ ይመጣሉ፤ በርዎ ላይ ቆመው ምንም አይሉም።

የሚሰፋው እጅዎና የሚቀጠቅጠው እጅዎ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ተገናኝተው ስም እንዲለዋወጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ ስለ ስፌቱ እጅ ነሥቼ፣ ስለ ተረፈው ክንዴም ጭምር አመስግኜ፣

የዘወትር አክባሪዎ
ወንዳፍራሽ
(የሻሼ ጌታ፣ ለጊዜው ባለ አንድ እጅ)

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር፣
ለሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ፣
ለወይዘሮ ተረፈች፣ ምልክቶቹን ስለሚያውቁ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አቶ ኢፋ በየቀኑ ሆዳቸው ላይ የእብድ ውሻ መርፌ እንደሚወጉ ሰምቼ በጣም አዘንኩ። ተኝታ የምታንኮራፋ፣ አፏ ጄሪካን ውስጥ የሆነ ውሻ የሰው አንጓ እንዴት እንደነከሰች ግን ማንም የጠየቀ አልሰማሁም። የጥርሱን አሻራ እስቲ ቀረብ ብለው ይዩት፤ ክብ ነው፤ ከላይኛው ረድፍ አንድ የፊት ጥርስ ይጎድለዋል። እኔም ይጎድለኛል። አቶ ኢፋን የነከስኳቸው እኔ ነኝ፤ ዱላውን የሚያስጥል ሌላ ነገር በእጄ አልነበረም። ደንቡ ግልጽ ስለሆነ ሰኞ የሚቀርበው የነካሽ ጭንቅላት የእኔ ነው፤ አንገቴን ታጥቤ እመጣለሁ። ከመቁረጥ በፊት አሥር ቀን አስረው ሊመለከቱኝ ከፈለጉም ፈቃደኛ ነኝ። ውሃ እፈራ እንደሆነ ለመፈተን ግን ውሃውን ከኬላው ይዘው ይምጡ፤ እኛ ገፈርሳ ግድብ አፍንጫ ሥር ተቀምጠን ቧንቧችን ውሃ ካሳየን ሰንብቷል።