የአባባ ስም ከአዳራሹ በር ላይ

ለወንድሜ ለኤምሪስ፣ አውስትራሊያ፤

ከእህትህ ከግዌን የተላከ የናፍቆት ሰላምታ ባለህበት ይድረስህ። እኛ እዚህ ዌልስ ዝናቡ አላባራ ከማለቱ በቀር ደህና ነን።

የማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ ሃምሳ ዓመት ስለሞላው፣ የገነቡት ሰዎች ስም የተቀረጸበት የመታሰቢያ ሰሌዳ ቅዳሜ በሩ ላይ ተሰቀለ። የአባባም ስም ነበረበት። እኛ ልጆቹ ስንራብበት የሥራ ማቆም አድማውን ትቶ የማዕድን ጉድጓድ መግባቱን ግን ማን ይረሳል? የምርቃቱ መዝሙር ሳያልቅ ሆፕኪን መዶሻ ይዞ ወጣና፣ «የአድማ ሰባሪ ስም ከአባቴ ስም ጎን አይቀመጥም!» ብሎ የአባባን ስም ይፈረካክሰው ጀመር።

ባሌ ኢድዋል፣ «ተው ሆፕኪን፣ የአዳራሹን ድንጋይ በትከሻው ያመላለሰው እኮ እሱ ነው!» ብሎ እጁን ሲይዘው፣ በዚያው መዶሻ መንጋጋውን አለው። ጥርሶቹ ደረጃው ላይ ረገፉ። አሁን ሾርባ በማንኪያ አጠጣዋለሁ፤ ይሻለዋል።

አባቱን ተሸክሞ ያመጣው ልጄ ጌቲን ነው። ከዚያ ወዲህ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ትናንት እራት ላይ ብቻ፣ «እማ፣ ሆፕኪን ከሥራ ሲመለስ በወንዙ በኩል ነው የሚያልፈው? ብቻውን ነው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ! ይልቅ ብላ» አልኩት። አልበላም።

እዚያ ወደቡ ላይ ሥራ አይጠፋም ብለኸኝ ነበር። ምንም ዓይነት ይሁን፣ ለጌቲን ፈልግለት። መልስህን በቴሌግራፍ አድርገው፤ ደብዳቤ ይዘገያል። ልብሱን አጥቤ፣ ገና ሳይደርቅ ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ሚስትህንና ልጆችህን ሳምልኝ።

እህትህ ግዌን