«አይ» ለማይለው ሳጥን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ በየስብሰባው የማይደክመው ጉሮሮዎ ደህና ነው ወይ? የእኛ ቤት፣ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና፣ ጸጥ ብሏል።

እኔ በድንጋይ ጠራቢነት ያረጀሁ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ። የምናገረው እኔ ስሆን፣ የሚጽፈው በመሥሪያ ቤትዎ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ነው። እሱ በየመሐሉ «ጋሼ፣ ይህቺን ቃል ትንሽ እናለስልሳት» ይለኛል፤ እኔም «ድንጋይ በመዳበስ አይጠረብም፤ እንዳልኩህ ጻፍ» ብዬዋለሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ትሕትና ካገኙ የእሱ ነው፤ የቀረው የእኔ ነው።

እንደሚያውቁት፣ ወይም ፎቶግራፍ አብረው ስለተነሡ ያውቃሉ ተብሎ እንደሚታሰበው፣ ታናሽ እህቴ ከተወለደች ጀምሮ እግሯ አይታዘዝላትም፤ ከእጇም ቀኝ ክንዷን ብቻ እንደምንም ትወረውራለች፤ አንደበቷም ቃል አያወጣም። ዛሬ ጸጉሯ ሸብቷል፤ እኔ ግን እስካሁን እታለም ነው የምላት። ጆሮዋ ከእኔም ከእርስዎም ይበልጣል። ዓይኗን ወደ ላይ ስታነሣ አዎ ነው፤ ስትጨፍን አይ ነው። በአልጋዋ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ እናታችን በከሰል የሣለችላት ሥዕሎች ነበሩ፤ ለውሃ ኩባያ፣ ለሕመም በሻሽ የታሰረ ራስ፣ ደጅ ለመውጣት በር፣ ለእኔ መዶሻ። ነገር ለምታመላልሰው ጎረቤታችን ዶሮ ነበር የተሣለላት፤ ሴትዮዋ ገና «ቤቶች» ስትል እታለም ዶሮዋን እያየች በሣቅ ትፈርስ ነበር። እታለም ታያለች፣ እኛም እንሰማለን። በዚህ ዕድሜያችንን ሙሉ ተጫውተናል፤ ተጣልተንበታልም።

እኔ ግን አረጀሁ። ከእኔ በኋላ ያንን ግድግዳ የሚያውቅ ሰው የለም። ሰው ያለ ድምፅ እንዲናገር የሚያግዝ መሣሪያ አለ ሲባል ሰምቼ ደጅዎ የመጣሁት ለዚህ ነው። የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ እኔ ስሞት እህቴን የሚሰማት እንዲኖር። የተደረገልንን ውለታ እነሆ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የሚናገረው ሳጥን ሊሰጠን በዋዜማው እኔን አውራ ጣት አሳርፍ ብለው ቢሮ አስጠርተው፣ ሠራተኞችዎ ኖራና ብሩሽ ይዘው ቤቴ ገቡ። ስመለስ ግድግዳው እንደ መቃብር ነጥቷል። «ለካሜራው ቆሻሻ እንዳይሆን ብለን ነው አባባ» አሉኝ፤ ደግሞም ምስጋና ጠበቁ። ኩባያው፣ በሩ፣ የታሰረው ራስ፣ ዶሮዋ ሳትቀር፣ ሁሉም ከኖራው በታች ቀረ። እታለም ኩባያው የነበረበትን ቦታ ስታይ ዋለች። ክቡር ሆይ፣ ጨካኝ ሰው የሰውን ምላስ የሚቆርጠው በቢላዋ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በብሩሽ፣ ያውም በነጻ ሲቆረጥ ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

ሁለተኛ፤ ሳጥኑ ያምራል። ማማሩን አልክድም። ክንዷን ባሳረፈችበት ቁጥር ይናገራል፤ ድምፁም በሬዲዮ ሳሙና የምታስተዋውቅ ኮረዳ ድምፅ ነው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። «ደህና ነኝ» ይላል። «እሺ» ይላል፤ «አመሰግናለሁ» ይላል፤ «በጣም ደስ ብሎኛል» ይላል። አለቀ። «አይ» የለውም። «አመመኝ» የለውም። «ውሃ» እንኳ የለውም። ባለሙያዎን ብጠይቀው «ቃላቱ በኮሚቴ የጸደቁ ናቸው» አለኝ። በኮሚቴው ውስጥ አሞትም ጠምቶትም የሚያውቅ ሰው አለመኖሩን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ጤናችሁን ያቆይላችሁ።

ሦስተኛ፤ ሳጥኑ ስለተሰጠበት በዓል። እርስዎ ስለ ድምፅ አልባ ወገኖች ረዘም ያለ ንግግር ሲያደርጉ፣ ፎቶ አንሺው «ትንሽ ወደፊት» ብሎ ተሽከርካሪ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስገፋው። ግራ እጇ በወንበሩ መደገፊያና በጠረጴዛው ጠርዝ መካከል ተያዘ። እኔን ከካሜራው ኋላ በር ላይ አቁመውኛል። እታለም ያላትን ቃል ሁሉ አወጣች። «አመሰግናለሁ። አመሰግናለሁ። በጣም ደስ ብሎኛል። አመሰግናለሁ።» እንግዶቹ አጨበጨቡ። ባጨበጨቡ ቁጥር እሷ ትደጋግማለች፣ በደጋገመች ቁጥር እነሱ ያጨበጭባሉ። እርስዎም መሐረብ አውጥተው ዓይንዎን ጠረጉ። ዓይኗን አይቼ ሰው እየገፈተርኩ ስገባ ጥበቃዎ ደረቴን ይዞ «አባባ፣ ይረጋጉ፣ ደስታ እኮ ነው» አለኝ። የደስታዋ ምልክት እስከ ዛሬ ጥፍሯ ላይ አለ፤ ጠቁሯል። ያ ፎቶግራፍ በኮሪደራችሁ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ በሚያልፉበት ጊዜ ከእርስዎ ፈገግታ ዝቅ ብለው የእሷን ግራ እጅ ቢፈልጉ ያገኙታል።

አራተኛ፤ የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። ወንድሟ ስላረጀ ወደ መጠለያ ትዛወር ተባለ፤ ሕግ አክባሪዎች ናችሁና ፈቃዷን የሚጠይቁ ሁለት ሠራተኞች ላካችሁ። «ወደ መጠለያው መሄድ ይፈልጋሉ ወይ?» አሏት። እታለም ዓይኗን ጨፈነች። ጨፍና ቆየች። እንደገና ጠየቋት፤ ይበልጥ ጨፈነች። አንደኛው ክንዷን አንሥቶ ሳጥኑ ላይ አሳረፈውና ሳጥኑ «እሺ» አለ። «ዓይኗን ጨፍና በተረጋጋ መንፈስ ተስማምታለች» ተብሎ ተጻፈ። እኔ «አይ እያለቻችሁ ነው!» ብዬ ብጮህ፣ «እርስዎ ጥቅም ስላለዎት ምስክር መሆን አይችሉም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጥቅም አለኝ። እሷ ከሄደች በእኔ ላይ የሚሥቅብኝ ሰው የለም።

መኪናው ሰኞ ይመጣል ተብሏል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እናንተ ግን የሰውን ዝምታ እንደ እህል ጎተራ ከታችሁ «እሺ» እያላችሁ ትሸጡታላችሁ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ልመና አይደለም፤ ለምኜ ያገኘሁትን አይቼዋለሁ። ከሰኞ በፊት እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ካሜራ አይምጣ፣ ንግግርም አይምጣ። ከአልጋዋ አጠገብ ዝቅ ብለው፣ ዓይንዎን ከዓይኗ ትይዩ አድርገው ይጠይቋት። እኔ ውጭ እቆማለሁ። ዓይኗን ወደ ላይ ካነሣች ጓዟን የማስረው እኔ ነኝ። ከጨፈነች ግን መኪናው ባዶውን ይሂድ፤ ሳጥኑም «አይ» እና «አመመኝ» ማለት ይማር። የማይማር ከሆነ ይውሰዱት። እኔ ሞቼ እህቴ «እሺ» ብቻ የሚል ሳጥን ታቅፋ ከምትቀር፣ ባዶዋን ብትቀር ይሻላታል፤ ዝም ያለን ሰው ቢያንስ ራሱ ተናገረ አይሉትም።

ስለ ንጹሑ ግድግዳ በድጋሚ አመሰግናለሁ። በከሰል እንደገና ጀምሬዋለሁ። እጄ ለድንጋይ እንጂ ለሥዕል አልተፈጠረምና ኩባያው ጫማ መስሎ ወጣ፤ እታለም ከበዓላችሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች።

ደብዳቤው ሲያልቅ ጸሐፊውን ቤት ወስጄ አስነበብኩላት። «በዛ ወይ? ይቀነስ?» አልኳት። ጨፈነች። «ይጨመር?» አልኳት። ዓይኗ ጣሪያ ደረሰ።

በየማለዳው የሚረግጡትን የመሥሪያ ቤትዎን ደረጃ በእጁ የጠረበው፣ ለውለታዎ የሚመጥን ቃል በኮሚቴ ስላልጸደቀለት በአውራ ጣቱ የፈረመው፣ ጤናዎን ዘወትር የሚጠይቀው፣

የእታለም ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ይህ እታለም ይጨመር ያለችው ነው። ሳጥኑን መልሰው ከወሰዱት በከንቱ አይቀመጥ፤ በእርስዎ ፊት የሚቆሙ ምክትሎችዎ ከ«እሺ» እና ከ«አመሰግናለሁ» ሌላ ቃል ሲያወጡ ሰምቼ አላውቅምና፣ የአንዱን ሥራ ያለ ደመወዝ ይሸፍንልዎታል። ሲመጡ ደግሞ እታለምን ዓይኗን ጨፍና ቢያገኟት፣ ተኝታለች ብለው በእግር ጣትዎ እየተራመዱ እንዳይመለሱ። እየጮኸችብዎት ነው።