መነሻው ጥቁር ነው

ውድ ልጄ ሣህሌ፣

እንደምታውቀው እጄ ከፊደል ጋር ቶሎ አይግባባም፤ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ጥር ላይ ገድለውህ አስከሬንህን ስለከለከሉኝ ይህን የምልክበት ቦታ እንኳ የለኝም። ግን ስለ ወታደሮችህ ሳልነግርህ መቅረት አልቻልኩም።

ከጥድ የጠረብካቸው፣ ከጓደኛህ ከዲሪባ ጋር ጠረጴዛዬን ይዛችሁ፣ ጠጠር እየጣላችሁ በክር እየለካችሁ ስታዋጓቸው የነበሩት፤ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሀብተ ማርያም መጥቶ ሳጥኑን ከፈተ።

«ይሄ ሰማያዊ የማን ጦር ነው?»

«የማንም አይደለም፣ የጨዋታ ነው።»

«እንግዲያው የአብዮታዊ ሠራዊት ይሁን። ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ ይቆማሉ። ሁሉንም ካኪ ይቅቧቸው፤ ቀለሙን እኛ እንሰጥዎታለን።» በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ጥቁር ልብስ ደግሞ እንዳላይ፣ እማማ። ለአናርኪስት አይለቀስም።»

ጎረቤታችን ብርቄ አጥር ላይ ሆና ሰምታለች። «እምቢ ካልሽ ማገዶ ነው የሚያደርጓቸው» አለችኝ።

«የገዳዮቹን ልብስ ላልብሳቸው?»

«አንቺ ሴትዮ! ሥጋውን አጣሽ፤ እንጨቱንም ልታስፈጂ ነው?»

ጠረጴዛው ፊት ተቀመጥኩ። ብቀባም አጣሃለሁ፣ ባልቀባም አጣሃለሁ። መውጫ አጣሁ። ያኔ ነው ያለቀ ባትሪ እየቀጠቀጥክ፣ ከሙጫ ጋር እየለወስክ የምትለኝ ትዝ ያለኝ፦ «እማዬ፣ እንጨቱ መጀመሪያ ጥቁር ካልጠጣ የላዩ ቀለም አይይዝም።»

ያስቀመጥከውን ባትሪ ፈጨሁ። እኔ የተከለከልኩትን ከል አንድ በአንድ አለበስኳቸው። ጠረጴዛው ዙሪያውን ለቀስተኛ ሞላ። የቀበሌው ጥበቃ እንዳይሰማ ድምፅ አላወጣሁም፤ ቤታችን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ሲደርቅ ካኪውን ደረብኩበት። አጥብቆ እንዳይይዝ ሙጫውን አሳነስኩ፣ ሆን ብዬ።

ሀብተ ማርያም ሊወስዳቸው ሲመጣ አንዱን በጥፍሩ ፋቅ አደረገ። ጥቁሩ ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መነሻ ነው፣ ጓድ። ያለሱ አይይዝም።»

«አይ እማማ፣ ቀለም ቀቢ ሆኑ! ማን አስተማረዎት?»

ስምህ አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። «ሲሠራ አይቼ ነው» አልኩ።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከሰው ጋር ቆሜ አጨበጨብኩ። ካላጨበጨብኩ ያዩኛል። ወታደሮችህ ተሰልፈው ቆመው ነበር፤ ሰው ሁሉ እያነሳ ያያቸዋል፣ መልሶ ያቆማቸዋል። በየዓመቱ ሊያወጧቸው አስበዋል አሉ። ያውጧቸው። ከእጅ ወደ እጅ ይዙሩ። ካኪው በየጣቱ ይራገፋል፤ አንድ መስከረም በገዛ አዳራሻቸው፣ በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ሁሉም ከል ለብሰው ይቆሙልሃል። እኔ እስከዚያ በነጭ ነጠላዬ እጠብቃለሁ።

ያኔ ጠርተው ቢጠይቁኝ የምመልሰው ያንኑ ነው፤ መነሻው ጥቁር ነው።

እናትህ የሺሃረግ
አሰላ፣ መስከረም ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.