ፕላኑ ያልተቀበለው አልጋ

ግንቦት 7፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ደብተሬ፣ ሁለተኛውንም የቤት ፕላን መሳያ ፕሮግራም ከወንድሜ ላፕቶፕ ላይ አጠፋሁት። የመጀመሪያው በሜትር አልሠራም ብሎኝ ነው። ይሄኛው ደግሞ ሳሎኑ ላይ የእሳት ምድጃ ይተክላል። በድሬ! በግንቦት! ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ታክኮ በሚሄድበት ከተማ! አጠፋዋለሁ፤ መልሼ ስከፍተው ምድጃው ቁጭ። ንቀት ነው።

ሥራው እኮ ይሄን ያህል አይደለም። ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ላይ በግቢው በኩል ሁለት ክፍል መቀጠል። አንዱ ለወንድሜ ለዮናስ፣ ሊያገባ ነው። አንዱ ለእኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ የራሴ በር ይኑረኝ ብዬ። ግንበኛው አብዲ ሰኞ ይጀምራል፤ ያለ ፕላን ግን አንድ ዶማ አላነሳም ብሏል።

ግንቦት 8፣ ማታ 1 ሰ.

ዮናስ ከፋብሪካ ሲመጣ መሐንዲሶች የሚሠሩበትን ፕሮግራም ጫነልኝ። አንዲት መስመር ለማስመር አራት ጥያቄ። ተናደድኩ። አቦ ተረጋጊ፣ ችግሩ ካንቺ ነው አለኝ። አልረጋጋም! እሱ ራሱ ሲሞክረው በሩን ጣሪያ ላይ ነው የሠራው።

ግንቦት 10፣ ጠዋት

አራተኛው ይሻላል። ግድግዳውን በጣቴ ስጎትተው ይሄዳል። ግን የእማዬን አልጋ አይቀበልም። እማዬ ሙቀቱ ከገባ የምትተኛው እንደ ሰፈሩ ሰው ግቢ ነው፤ ኒም ዛፏ ሥር፣ የገመድ አልጋዋ ላይ፣ አጎበሯን ዘርግታ። ፕላኑ ላይ እዚያ ሳስቀምጠው አልጋው ቀይ ይሆናል። አልጋ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው ይለኛል። ማን ጠየቀህ? ደጋግሜ ሞከርኩ። ቀይ። ቀይ።

በመጨረሻ አልጋውን ሰረዝኩት። ቀዩም ጠፋ። እፎይ።

ግንቦት 11፣ ከሰዓት

አሳትሜ ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ ተከተለችው። ክፍሎቹን ወደደቻቸው። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«እኔስ የቱ ጋ ነው የምተኛው?»

አልተቆጣችም። ሰው ቤት በእንግድነት እንደገባ ሰው ነው የጠየቀችኝ።

አልጋው ሲጠፋ ባዶ የመሰለኝን ቦታ የእኔ ክፍል በልቶታል። ኒሟም ወረቀቱ ላይ የለችም። ግድግዳውን የጎተተው ደግሞ ፕሮግራሙ አይደለም። እኔ ነኝ። ስንት ቀን ስሳደብ የከረምኩት በከንቱ ነው። አፈርኩ።

ግንቦት 12፣ እሑድ

ላፕቶፑን ለዮናስ መለስኩለት። ኖራ ይዤ ግቢ ወጣሁ። እማዬን አልጋዋ ላይ ተጋደሚልኝ ብዬ ለመንኳት፤ እየሳቀች ተጋደመች። ለመተላለፊያ ትቼ ዙሪያዋን አሰመርኩ፤ ኒሟንም ጨምሬ። ፕላኑ ይሄው ነው፤ አብዲ ነገ የሚቆፍረው ከኖራው ወዲያ ነው።

የተረፈው ቦታ የአንድ ክፍል ነው። ለዮናስ ይሁን። እኔ የገመድ አልጋ አሠራለሁ፤ ከእማዬ አጠገብ ቦታ አለ፣ ለክቼዋለሁ።