ከጋራዡ ጀርባ

ገርጂ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

የእናቷ ረሆቦት፣

እንዴት ነሽልኝ? የአሶሳ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ምግብ ትበያለሽ ወይስ በሻይ ብቻ ነው የምትውይው? እኔ ተመስገን ነው፤ ጉልበቴ ትንሽ ቢያስቸግረኝም ደህና ነኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና "ሄሎ" ሳልል ስለምታለቅሺብኝ በወረቀት አደረግሁት። ጓደኛሽ ቤቴል ታደርስልሻለች። አብሮት ያለው ኬክ የጾም ነው፤ ሆስፒታል ላሉት ጓደኞችሽም አካፍያቸው።

ትናንት የላክሽልኝን አየሁ። "እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የመልቀቂያ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ሥራዬን ለቅቄ መጥቼ ኬክ ቤቱን አግዝሻለሁ" ትያለሽ። ወይ ጉድ! አዋላጅ ለመሆን ያን ያህል ተምረሽ ለክሬም ልትመጪ? መጀመሪያ የሆነውን በደንብ ስሚኝ።

ኮምፒውተሩ ሲበላሽብኝ ትዕዛዞቹን ስልኬ ላይ ጽፌ፣ ስሙን፣ አድራሻውንና ኬኩ ላይ የሚጻፈውን በኮማ ለይቼ፣ ኬክ ለምታስጌጥልን ለገላኔ እንድልክ ነገርሽኝ። እሷ ስትከፍተው በየኮማው እየቆረጠ ሠንጠረዥ ያደርገዋል አልሽ። ልክ ነሽ፣ ቆረጠው። ግን የእኛ ሰው አድራሻ መች በአንድ ቃል ያልቃል? "ወሎ ሰፈር, ከጋራዡ ጀርባ, ሰማያዊ በር" ብዬ ነዋ የጻፍኩት። "ወሎ ሰፈር" አድራሻው ቦታ ገባ፤ "ከጋራዡ ጀርባ" ደግሞ ኬኩ ላይ የሚጻፈው ቦታ ገብቶ ቁጭ!

ገላኔን ታውቂያት የለ፤ እጇ ወርቅ ነው፣ ክሬም ከያዘች ግን ጥያቄ የሚባል ነገር የላትም። ቅዳሜ የአቶ ዑቕባዝጊ ሰባኛ ዓመት ልደት ላይ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሳጥኑ ሲከፈት፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፏ "ከጋራዡ ጀርባ" ይላል። አንድ ዓመት የሞላት ሕፃን ኬክ ላይ "ሁለተኛ ፎቅ"። ስቆጣት "እትዬ ሣባ፣ ሰው እኮ የፈለገውን ያስጽፋል፤ ባለፈው 'አሁንስ በዛ' ያስጻፈ አልነበረም?" አትለኝም! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እሑድ ሌላ ኬክ ይዤ በየቤቱ እየዞርኩ ይቅርታ ጠየቅሁ። የአቶ ዑቕባዝጊ ባለቤት ብቻ እስካሁን ኮስተር እንዳሉ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ስቆ አለፈው።

ሰኞ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሙክታር ጋ ሄድኩ። ኮምፒውተሩን አስተካክሎ አዲስ ፕሮግራም ጫነልኝና "አድራሻ ውስጥ ፈጽሞ የማይገባ ምልክት እንምረጥ" አለኝ። ይቺን ቀጥ ብላ የቆመችውን መስመር መረጥን፦ | ። ፋይሉን ሳስቀምጥ በምን ልለየው ብሎ ይጠይቀኛል፤ ኮማውን አጥፍቼ እሷን አስገባለሁ። ገላኔም ስትከፍተው ያንኑ ትመርጣለች። አለቀ!

ሙክታር "ለሙከራ አንድ ሰው ይጻፉ" ሲለኝ እጄ ያንቺን ስም ጻፈ። "ረሆቦት | አሶሳ, ከሆስፒታሉ ጀርባ, ማንጎው ሥር |" ካልኩ በኋላ፣ ኬኩ ላይ የሚጻፈው ጋ ስደርስ "ቤቱ ጭር ብሏል" ብዬ ጻፍኩ። ሙክታር አንብቦ ፋይሉን አስቀመጠው። ስንከፍተው ሁሉም በየቦታው ገብቷል።

እና ልጄ፣ አንቺም አላጠፋሽ፣ እኔም አላጠፋሁ። ያንን የመልቀቂያ ማመልከቻ ቅደጂው። ያቺ ባለፈው ያጫወትሽኝ፣ መንታ የወለደችው ሴት፣ እጅሽን አልለቅም ያለችው፣ አንቺ ባትኖሪ የማንን እጅ ትይዝ ነበር? እኔ እዚህ ሰው አላጣሁም። ኬክ ቤቱም ይኸው ቆሟል።

ለገና ግን ፈቃድ ጠይቂና ነይ፤ ናፍቀሽኛል። እመብርሃን ከክፉ ትጠብቅሽ፤ እጅሽ የነካት ሁሉ በሰላም ትገላገል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ መመለሻ ትኬትሽን ቆርጠሽ ነይ። አንዴ በዚህ በር ከገባሽ፣ ሂጂ የምልበት አንጀት የለኝም።

እናትሽ ሣባ